ድምፁን ከመጨመራችሁ በፊት የስፒከሩን ቦታ ቀይሩ

ጊፋታ ሲደርስ በሶዶ በየቤቱ ሙዚቃ ይከፈታል። በዓል ነው፣ ይከፈት! እኔ የምከራከረው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ጥሩ ድምፅ ማለት ከፍተኛ ድምፅ ማለት አይደለም።

ብዙ ጊዜ ድምፅ የምንጨምረው ስለማይጠራ ነው። ስፒከሩ ጥግ ላይ ከተቀመጠ ቤዙ ያይልና ግጥሙ አይሰማም። ባዶ የሲሚንቶ ወለል ድምፁን ያስተጋባል። የአምፕሊፋየሩ አቅም ለስፒከሩ ካልበቃና እስከ መጨረሻው ከተከፈተ ደግሞ ድምፁ ይሻክራል።

እንዲህ አድርጉ፦
✅ ስፒከሮቹን ከጥግና ከግድግዳ ራቅ አድርጉ
✅ ሁለቱ ስፒከሮችና መቀመጫችሁ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ
✅ ከፍታቸው ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር ይስተካከል
✅ ምንጣፍ አንጥፉ፣ መጋረጃ ስቀሉ

ያኔ ዝቅ ብሎም ጥርት ይላል።

ይህ ለምን የሐኪም ጉዳይ ሆነ? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ለልጆች 75። በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 90 ላይ ለአዋቂም በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። የውስጥ ጆሮ የመስሚያ ሴሎች ከሞቱ አይተኩም።

እኛ ሶፋ ላይ ስንሆን ሕፃኑ ወለል ላይ፣ ስፒከሩ ሥር ይጫወታል። ለእሱ ድምፁ ከእኛ ይልቅ ይበረታል። ሕፃን ከስፒከር አጠገብ አታስተኙ። አንድ ክንድ ርቆ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለጋችሁ ቀንሱ።

ልጃችሁ ሲጠሩት የማይሰማ ወይም ጆሮዬ ይጮሃል የሚል ከሆነ ሳትቆዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።