እረኛ ምን አለ? በአትላንታ

ነገሥታቶቻችን የሕዝቡን የልብ ትርታ ለማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። ሹም የሚደብቀውን፣ ደብተራ የሚያለባብሰውን እረኛ በዘፈኑ ያወጣዋልና። ይህን ትውፊት በየመድረኩ በኩራት የምንጠቅስ እኛ፣ አትላንታ ላይ ጎጆ ቀልሰን፣ ልጅ ድረን ስንኖር፣ የዚህች ከተማ እረኛ ምን እንዳለ ለመጠየቅ አልፈቀድንም። ይባስ ብሎ ልጆቻችን ዘፈኑን ሲከፍቱ «ዝጉት፣ የዱርዬ ጩኸት ነው» እንላለን። ሙግቴ ከዚህ ልማድ ጋር ነው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1995 ጉዲ ሞብ የተባሉ አራት የአትላንታ ወጣቶች፣ ሲሎ፣ ኩጆ፣ ቲ-ሞ እና ቢግ ጊፕ፣ «ሶል ፉድ» የተሰኘውን አልበም አወጡ። ስሙ የደቡብ ጥቁሮች ከእጦት ያበጁት የማዕድ ስም ነው። ያቀናበሩት ኦርጋናይዝድ ኖይዝ የተባሉት ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ መዋያቸው ከመካከላቸው የአንዱ እናት ቤት ሥር ያለ፣ ወለሉ አፈር የሆነ ምድር ቤት ነበር። ከዚያ አፈር የወጣው «ሴል ቴራፒ» የቢልቦርድን የራፕ ሰንጠረዥ መራ። ስለምን ዘፈኑ? በድሃ ሰፈር ዙሪያ ስለሚታጠር አጥር፣ ስለ ሰዓት እላፊ፣ ከላይ ሆኖ ስለሚመለከት ዓይን።

ነገሩ ቅዠት ነበርን? የዘመኑን አትላንታ እናስታውስ። ለእኛ የ1996ቱ ኦሎምፒክ ፋጡማ ሮባ በማራቶን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቁበት የእልልታ ወር ነው። ለቴክዉድ ሰፈር ነዋሪዎች ግን ሌላ ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1935 የመረቁት ይህ ሰፈር በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ከተሠሩት የሕዝብ መኖሪያዎች ቀዳሚው ሲሆን፣ 604 ቤቶቹ የተሠሩት ለነጮች ብቻ ነበር። ጥቁሮች እንዲገቡ የተፈቀደው በ1968 ነው። ከዚያ በኋላ እየተረሳ፣ እየፈራረሰ ኖረ። የኦሎምፒኩ መንደር በአጠገቡ ሲቆም አብዛኛው ፈረሰ። እኛ ባንዲራ ስናውለበልብ ጎረቤታችን ዕቃውን እየሸከፈ ነበር። እረኛው ይህን አይቶ ዘፈነ። ማን ሰማው?

የገዛ ወገኑ የሆነው የሙዚቃ ዓለም እንኳ ደቡብን ንቆ ነበር። በነሐሴው 1995 የሶርስ መጽሔት ሽልማት ላይ፣ የጉዲ ሞብ የምድር ቤት ጓደኞች የሆኑት አውትካስት ሲሸለሙ የኒውዮርክ ታዳሚ አጉረመረመባቸው። አንድሬ በመድረኩ ላይ ደቡብም የሚናገረው እንዳለው ነግሯቸው ወረደ። «ሶል ፉድ» ከሦስት ወር በኋላ ያንን ቃል በሥራ አጸደቀ።

የእኛ ንቀት ግን የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ሳንሰማ የምንፈርድ ነን። «ስድብ ይበዛዋል» ይባላል። እውነት ነው፣ አለበት። በ«ሴል ቴራፒ» ውስጥ ያለውን የምስጢር ሴራ ወሬም ሁሉ አልቀበልም። ግን የአዝማሪን ስድብ «ቅኔ» ብሎ አጨብጭቦ የሚሸልም ሕዝብ የሌላውን አዝማሪ ስለ አፉ ንጽሕና ሊከስ በምን አንደበቱ? ቴዲ አፍሮ በ2005 «ያስተሰርያል»ን ሲያወጣ፣ የመንግሥት ጣቢያ ገሸሽ ያደረገውን ዘፈን እኛ በየመኪናችን እንደ ጸሎት ደገምነው። በዘፈን ሥልጣንን መሞገት ለአዲስ አበባ ልጅ ጀግንነት፣ ለአትላንታ ልጅ ዱርዬነት የሚሆንበት ሚዛን የማን ነው?

በ2024 ፒያሳ ስትፈርስ፣ የዶሮ ማነቂያ ሰዎች ሲበተኑ፣ በስደት ያለን ብዙዎች አለቀስን። ልቅሶው ተገቢ ነው። ነገር ግን ለፒያሳ የሚያለቅስ ዓይን ለቴክዉድ ከደረቀ፣ ልቅሶው ለፍትሕ ሳይሆን ለትዝታ ነው ማለት ነው። ቤቱን «ለልማት» የተነጠቀ ሰው ሐዘኑ አንድ ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ ሲነገር ብቻ የሚገባን ከሆነ ጉድለቱ የእኛ ነው።

ዕዳም አለብን። የ1964ቱን የሲቪል መብት ሕግ ያስገኘው ትግል በጓሮ በር ከመግባት አድኖናል። በማግስቱ፣ በ1965፣ የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ አውሮፓውያንን ያስቀድም የነበረውን ኮታ የሻረው በዚያው የእኩልነት መንፈስ ነው። ደሙን ያፈሰሱት በኦበርን ጎዳና የተወለደው የኪንግ ወገኖች ናቸው። እኛ ግን በከፈቱት በር ገብተን «ልጄ ከእነሱ ጋር አይዋል» እንላለን። ፖሊስ የልጃችንን መኪና ሲያስቆም አባቱ ጎንደሬ ይሁን ሸዌ እንደማይጠይቅ ልጁ ያውቃል። ያንን ዘፈን የሚከፍተውም ስለዚህ ነው፤ እኛ ያልነገርነውን ስለሚነግረው።

ስለዚህ እላለሁ፦ «ዝጋው» ማለት ይብቃ። ወላጅ ከልጁ ጎን ይቀመጥና ይስማ፤ ያልገባውን ይጠይቅ፤ የሚያስነውረውን ይንቀፍ፤ እውነቱን ግን እውነት ይበል። «እረኛ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ የነገሥታት ወግ ከነበረ፣ ለስደተኛማ ግዴታው ነው።