ያለ ደመወዝ የሰፈር ልጆችን ስለሚያሠለጥን ሰው

ሻሸመኔን የሚያውቅ ሰው ሁሉ መንገድ የሚገናኝባት ከተማ መሆኗን ያውቃል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 250 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ እዚህ ሲደርስ አንዱ መንገድ ወደ ሐዋሳና ወደ ሞያሌ፥ አንዱ በኮፈሌና በዶዶላ ወደ ባሌ፥ አንዱም በአላባ ወደ ወላይታ ሶዶ ይለይበታል። እንዲህ ባለች ከተማ መኪናውና ገበያተኛው የሚበዛውን ያህል ዋይ ባይ የሌለው ልጅም ይበዛል። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ልጅ የማንም አይደለም፤ አስተማሪው ለቆታል፥ አባቱ ከሥራው አልተመለሰም፥ እናቱም ወይ በጓዳ ወይ በገበያ ናት። በዚህ ሰዓት ልጁን የሚጠብቁት የመኪና ማቆሚያው፥ የጫት መሸጫው ደጃፍና ሜዳው ናቸው። ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሜዳውና በሜዳው ላይ ያለ ደመወዝ ቆሞ ልጆችን ስለሚያሠለጥነው ሰው ነው።

ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ የታወቀ ሰው አይደለም። ወይ የስፖርት አስተማሪ፥ ወይ ልብስ ሰፊ፥ ወይም በወጣትነቱ ኳስ የተጫወተ ሹፌር ነው። የሹመት ደብዳቤ አልተጻፈለትም፤ ፊሽካውን በአንገቱ አንጠልጥሎ በወጣ ጊዜ ግን ልጆቹ «ጋሼ» ወይም «ኮች» እያሉ ከየደጃፉ ይከተሉታል።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በመሥሪያ ቤት በኃላፊነት የተቀመጡ ወይም ከታላላቅ ቤት የተወለዱ ናቸውና፥ ከልጅ ጋር በአቧራ መሯሯጥ ለክብር አይመችም የሚል ሰው አይጠፋ ይሆናል። እኛ ግን ይህን አሳብ አንቀበለውም። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ሲራወጡ፥ ዱላ ቢነካውም ጌታው እንዳይቆጣ የአባቶቻችን ልማድ ያዝዛል፤ ስለዚህ ክብርና ጨዋታ በአገራችን የተጣሉበት ጊዜ የለም። ደግሞም አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. በተመሠረተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ተጫውተው አደጉ፤ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው በሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አገራችን ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ2 አሸንፋ ዋንጫውን ስትወስድ አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮም እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መሩ። እንዲህ ላለው ሰው ሜዳ ካላነሰው ለእኛ ለጸሐፊዎቹና ለሹማምንቱ አያንሰንም።

ከዚሁ ከአገራችን ሳንርቅ የበቆጂን ነገር እናንሣ። በቆጂ በአርሲ ደጋ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በዚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ የነበሩት አቶ ስንታየሁ እሸቱ በሩጫ ካስጀመሩአቸው ልጆች መካከል ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር፥ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በማራቶን፥ ቀነኒሳ በቀለ በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ በ10,000 ሜትር፥ ጥሩነሽ ዲባባም በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ በሁለት ርቀት የወርቅ ሜዳይ አግኝተዋል። ይህን የሰማ አባት ሁሉ ልቡ ይነሣሣል፤ እኛ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ይልቁን የምናስበው ከእነዚህ ጋር በማለዳ በአንድ ሜዳ ሮጠው ስማቸው በጋዜጣ ያልወጣውን ልጆች ነው። በቁጥር የሚበልጡት እነሱ ናቸው፤ አሠልጣኙም በመጀመሪያው ማለዳ ማን ወርቅ እንደሚያመጣ ሳያውቅ ሁሉንም እኩል ማስሮጥ ነበረበት።

የነገሩ ጭንቅ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሰፈር ቡድን 16 ልጆች አሉ እንበል። ከእነሱ ስድስቱ ኳስ ያውቃሉ፥ ሰባቱ መካከለኛ ናቸው፥ ሦስቱ ኳስ ሲመጣባቸው ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ቅዳሜ ከሌላ ሰፈር ጋር ግጥሚያ አለ። ሰፈሩ ሁሉ ማሸነፍን ይጠብቃል፤ ልጆቹም ራሳቸው ደካሞቹ እንዳይገቡ ይለምናሉ። አሠልጣኙ የሰፈሩን ጩኸት ከሰማ እነዚያ ሦስቱ ከዓመት እስከ ዓመት ተጠባባቂ ሆነው፥ የሌሎቹን ጫማና ልብስ ሲጠብቁ ይኖራሉ፤ ከጥቂት ወር በኋላም አይመጡም። ወዴት እንደሚሄዱ ከላይ ተናግረናል።

እኛ በፍርድ ቤት የመዝገብ ጸሐፊ ስለ ሆንን፥ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ስሙንና ዕድሜውን ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ሰምተን ጽፈናል። ኳስ ባለመጫወቱ ወንጀለኛ ሆነ አንልም፤ እንዲህ ማለት ሞኝነት ነው። ነገር ግን «በዚያ ሰዓት ከማን ጋር ነበርህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የአንድ ዐዋቂ ሰው ስም ሊጠራ የማይችለው ልጅ ቁጥር ያሳዝነናል። አሠልጣኝ ማለት በመጀመሪያ ልጁ በዚያ ሰዓት ስሙን ሊጠራው የሚችለው ሰው ማለት ነው።

ስለዚህ የእኛ አሳብ ይህ ነው፤ እስከ 12 ዓመት ድረስ ልጅ ሁሉ በየግጥሚያው ቢያንስ የጨዋታውን ግማሽ ይጫወት። ከዚያ በኋላ አሠልጣኙ ቢመርጥ አንቃወምም፤ ኑሮም ይመርጣልና። የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ ራሱ ለልጆች ጨዋታ የሜዳው ስፋት፥ የኳሱ መጠንና የሰዓቱ ርዝመት እንዲቀነስ፥ ተቀይሮ የወጣውም ልጅ ተመልሶ እንዲገባ ለየአገሩ ማኅበር ፈቅዷል። ታዲያ በሰፈር ሜዳ ላይ ከዓለም ቦርድ ይልቅ ጥብቅ ለመሆን የምንታገለው ለምንድር ነው?

ስለ ወላጆችም አንድ ነገር እንጨምር። አንድ ቅዳሜ በአንድ ሜዳ ዳር መልካም ልብስ የለበሱ አንድ አባት ከግቡ አጠገብ ቆመው «ምታው! ወደዚህ! አንተ ዕውር!» እያሉ ይጮሁ ነበር። ልጃቸው ኳስ በደረሰው ቁጥር አስቀድሞ የሚያየው አባቱን ነበር፤ አባቱን እስኪያይም ኳሱ ይወሰድበታል። አሠልጣኙ የሃያ አምስት ዓመት ያህል ወጣት ነውና እንዴት ሊናገር ነው ብለን ስንጠብቅ፥ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና «ጋሼ፥ የመስመር ዳኛ ጎድሎብናል፤ እባክዎ ይርዱን» ብሎ ባንዲራውን በእጃቸው ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው አልተሰማም፤ ኳሱ መስመር ማለፉንና አለማለፉን ሲመለከቱ ለልጃቸው ጊዜ አጡ። ልጁ ግብ አላገባም፤ ነገር ግን ያን ቀን ሁለት ጊዜ ሲሥቅ አየነው።

ከልጆቹ ጋር ያለው ሌላው ትልቅ ጉዳይ የከተማይቱ ሕዝብ ልዩ ልዩ መሆኑ ነው። በአንድ ሜዳ ላይ ኦሮምኛ፥ አማርኛ፥ ወላይትኛ፥ ሲዳምኛና ጉራግኛ ይሰማል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1940 ዓ.ም. ለምዕራቡ ዓለም ጥቁር ሕዝብ በሰጡት መሬት ከጃማይካና ከሌላም አገር መጥተው የሰፈሩት ሰዎች ልጆችም አሉ። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በተነሣው ሁከት በዚህች ከተማ ሰው ሞተ፥ ሱቅና ቤት ተቃጠለ፤ የአሰላው ተወላጅ የሯጩ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሆቴል እንኳ አልተረፈም። ያን ቀን በጎረቤት መካከል የተዘጋው በር ቶሎ አልተከፈተም። አሠልጣኝ ይህን ሊያክም አይችልም፤ ሐኪም አይደለምና። የሚችለው ግን አለ፤ ማልያውን ሲያድል ልጆቹን በሰፈርና በወገን ሳይለይ ቀላቅሎ መክፈል፥ «ወደ ቀኝ» እና «ተመለስ» የሚለውንም ትእዛዝ በሁለት ቋንቋ መናገር ነው። በዐቢይ ጾም የሚጾመውንና በረመዳን የሚጾመውንም ልጅ ዐውቆ፥ በእነዚያ ሳምንታት ሩጫውን ቀንሶ ኳስ ማቀበልን ብቻ ቢያስተምር መልካም ነው።

የከተማው ቡድን ሻሸመኔ ከተማ በ2015 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገ ጊዜ ልጆቹ ሁሉ ማልያውን ተመኙ፤ በ2016 ዓ.ም. ሲወርድ ደግሞ አለቀሱ። ይህ የልጅነት ነገር ነውና ይሁን። ልጁን እንደ ወይፈን ቆጥሮ «ስንት ያወጣል?» የሚለው አባት ግን ከልጁ ትምህርት ቤት አስተማሪ ጋር አስቀድሞ ቢነጋገር ይሻለዋል።

ስለ ጤና። ፊፋ የተባለው የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ሐኪሞች «አሥራ አንድ ፕላስ» ብለው ያዘጋጁት ሰውነት ማሟሟቂያ አለ፤ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፥ ከኳስ በቀር መሣሪያ አይፈልግም። በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጃገረዶች ተፈትኖ ውጤቱ በ2001 ዓ.ም. ሲታተም ከባድ ጉዳት ወደ ግማሽ በሚጠጋ ቀንሶ ተገኝቷል። እንግሊዞችም በ2012 ዓ.ም. ከ11 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በልምምድ ጊዜ ኳስ በጭንቅላት እንዳይመቱ መመሪያ አውጥተዋል። በጭንቅላቱ ተመትቶ የተደናገረ ልጅ «ደኅና ነኝ» ቢልም ያን ቀን ወደ ሜዳ አይመለስ።

ልጃገረዶች የሚመጡ እንደ ሆነ እናቲቱ የምትጠይቀው ስለ ኳስ አይደለም፤ «ማን አብሯት አለ? በስንት ሰዓት ትመለሳለች?» ብላ ነው። ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው፤ ለወንዶቹም ሊጠየቅ ይገባል። ስለዚህ አሠልጣኝ ብቻውን አይሁን፤ ሁልጊዜ ሌላ ዐዋቂ ሰው፥ ለሴቶች ቡድንም ሴት ረዳት ትኑር። ልጅን ለብቻው በባጃጅ ይዞ መሄድ፥ ለብቻው በቤት ማስገባት፥ ወላጅ የማያውቀውን ስጦታ መስጠት አይገባም። ቅን አሠልጣኝ ይህን ሲጠየቅ አይቀየምም፤ የሚቀየም ቢኖር ግን ወላጆች ቢጠነቀቁ ደግ ነው።

ገንዘቡን በሚመለከት እንደ ዕቁብ ቢያዝ ይሻላል። በወር ከየቤቱ ጥቂት ብር ይዋጣል፤ በአንድ ደብተር የገባውና የወጣው በቀን ይጻፋል፤ የወር መጨረሻ ቅዳሜ በወላጆች ፊት ይነበባል። ማዋጣት የማይችል ቤት ስሙ አይነበብ። በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ለትንንሾቹ ከ350 እስከ 390 ግራም የሚመዝነው አራት ቁጥር ኳስ፥ ፊሽካ፥ የውሃ ጀሪካን፥ የቁስል መጠቅለያ ጨርቅ፥ የልጆቹና የወላጆቻቸው ስም ከነስልክ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት። ታኬታ የሌለው ልጅ በሸራ ጫማ ይጫወት፤ ግማሹ ቡድን ታኬታ እስኪያገኝ ድረስ ግን ማንም በታኬታ አይግባ፥ የሌላውን እግር ይሰብራልና።

በሐምሌና በነሐሴ ሜዳው ጭቃ ስለሚሆን ልምምዱ ብዙ ጊዜ ይቋረጣል፤ በመስከረም ሲመለሱም ከልጆቹ ሲሦው አይገኝም። በዚህ ከተማ ባዶ መጋዘን ወይም አዳራሽ ያላችሁ ሰዎች በእነዚያ ሁለት ወራት በሳምንት ሁለት ቀን ከዐሥር ሰዓት በኋላ ብትከፍቱላቸው፥ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቢሆን እንኳ ኳሱን በመሬት ማንከባለል ይበቃቸዋል። የመስኮቱን መስተዋት ግን አስቀድማችሁ በጣውላ ሸፍኑት።