ባሕር የማይደርሰው ወንዝ፦ ከቡራዩና ከሰበታ እስከ አቤ ሐይቅ

በአገራችን የባሕር ጠረፍ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ወደ ወደብ ያመራል። ስለ አሰብና ስለ ምጽዋ፣ ስለ ጅቡቲ ወደብ ወጪ፣ ስለ ታሪክና ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ ብዙ ተብሏል፤ ገናም ይባላል። ጠረፍ ግን ወደብ ብቻ አይደለም። ወንዝ ከየብስ ጠርጎ ያመጣውን አፈር፣ ጨውና ቆሻሻ ለባሕር የሚያስረክብበት የተፈጥሮ በር ነው። በዚህ ትርጉሙ ሲታይ የጠረፍ ጥናት ከሱሉልታ፣ ከቡራዩና ከሰበታ ይጀምራል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን ከበው ቢቀመጡም የክረምት ዝናባቸው የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ አይደለም። የእንጦጦ ሰንሰለት ውኃ ከፋይ ነው። በስተሰሜን በሱሉልታ ሜዳ ላይ የዘነበው ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ የሚጓዘው ውኃ መድረሻው የሜዲትራኒያን ባሕር ነው። በስተደቡብና በስተምዕራብ ያለው ነገር ሌላ ነው። በቡራዩ በኩል የገፈርሳ ግድብ ለከተማው መጠጥ ካስቀረው የተረፈው በትንሹ አቃቂ አድርጎ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። የሰበታም ወንዝ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ በዚያው ይቀራል። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከሐይቁ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ወንዙ ግን አይደርስበትም።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት ባሕር የሚደርሰውን ወንዝ አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል። የዓባይ ደለል አብዛኛው የተነሣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ የግብፅ ደልታም በዚያ ደለል የተገነባ ነው። በየዓመቱ በክረምቱ ማብቂያ የሚወርደው ደፍራሽ ውኃ ለባሕሩ ጥቃቅን ዕፅዋት ምግብ ስለሚሆን በጠረፉ ላይ የሰርዲን ዓሣ ይበዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ የወንዙን ፍሰት ሲይዝ የሰርዲን ምርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተንኮታኮተ፤ ደለል ያጣው ጠረፍም በረሺድ በኩል በማዕበል እየተሸረሸረ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ዓሣው ከዓመታት በኋላ መልሶ ሲበዛ ምክንያቱ በአመዛኙ ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ መሆኑ ነው የተነገረው። የባሕሩ ጤና ከየብሱ ሥራ ጋር ይህን ያህል ተሳስሯል።

ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይላል አገሬው። አዋሽ ግን ማደሪያ አለው፤ የያዘውም ግንድ ሁሉ እዚያው ያድራል። ባሕር የሚደርስ ወንዝ ጨውንና መርዝን ለውቅያኖስ አስረክቦ ይገላገላል፤ ይህ በጎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ባሕሩም የማንም ቆሻሻ መጣያ አይደለም። መውጫ የሌለው ተፋሰስ ግን ይህም ዕድል የለውም። ፀሐይ የምታተንነው ውኃውን ብቻ ነው። ጨው ይቀራል፤ ከቆዳ ፋብሪካ የወጣ ክሮሚየም በወንዙ አልጋና በግድቡ ደለል ውስጥ ይቀመጣል፤ ከአበባና ከአትክልት እርሻ የታጠበ ማዳበሪያም አረንጓዴ አተላ ሆኖ በሐይቅ ላይ ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ይህን ሁሉ በመጀመሪያ የሚቀበል ሆኗል፤ በውኃው ላይ መርዝ አመንጪ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ መታየቱም በጥናት ተረጋግጧል። በአቃቂ ዳርቻ በዚያው ውኃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ወደ ገበታችን ይመለሳል፤ ለዚህ አቤ ድረስ መሄድ እንኳ አያስፈልግም።

አዋሽ የራሳችን ነው፣ እንደ ዓባይ የሚከራከረን የለም የሚል አባባል በየመማሪያ ክፍሉ ሰምቻለሁ። አባባሉ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም፤ አቤ ሐይቅን ከጅቡቲ ጋር እንጋራዋለን። እውነት ቢሆንም እንኳ የባለቤትነት ኩራት ሒሳቡን አያቀለውም፤ ያከብደዋል እንጂ። ከወንጂ አንሥቶ በመተሐራ በኩል እስከ ተንዳሆ ለሸንኮራና ለጥጥ የሚጠለፈው ውኃ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ አቤን በእጅጉ አሳንሶታል። በሐይቁ ዳር ሲታዩ የሚያስገርሙት፣ ቀድሞ በውኃ ውስጥ የተፈጠሩት የኖራ ድንጋይ ዓምዶች ዛሬ በደረቅ መሬት ላይ ቆመዋል። ዳርቻው ጨው ለብሷል። መንጋውን በዚያ የሚያሰማራው አፋር አርብቶ አደር የሰበታን ፋብሪካም ሆነ የቡራዩን አዲስ ሰፈር አይቶ ላያውቅ ይችላል።

ሰበታ ውስጥ በኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። ባሕር በሌላት አገር፣ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ማዕከል መኖሩ ለእንግዳ ሰው ፈገግታ የሚያጭር ነው። ለእኔ ግን ቦታው ትክክል ነው፤ በተፋሰሱ ራስ ላይ ተቀምጧልና። ቅሬታዬ በማዕከሉ ላይ ሳይሆን በእኛ በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ላይ ነው። ከአቃቂ ወይም ከቆቃ ናሙና ቀድተን፣ ውጤቱን ከመጠጥ ውኃ ደረጃ ጋር አነጻጽረን፣ ጥናቱን እዚያው እንዘጋለን። ርቀቱ፣ በጀቱና የታችኛው አዋሽ ሙቀት ምክንያት ይሆኑናል። ወንዙ በሚያልቅበት ቦታ ምን እንደሚጠራቀም የሚነግረን ግን የመድረሻው ደለል ነው።

ስለዚህ የባሕርና የጠረፍ ጂኦግራፊ ትምህርት ስለ ቀይ ባሕር በሚናገር ምዕራፍ ብቻ እንዳይወሰን፣ አቤን እንደ አዋሽ ባሕር፣ ዳርቻውንም እንደ ጠረፍ ቆጥሮ እንዲያጠና እጠይቃለሁ። ሥራው ከባድ መሣሪያ በመግዛት መጀመር የለበትም። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ አንድ ጊዜ በነሐሴ ሙላት አንድ ጊዜ በየካቲት ድርቀት፣ ከሰበታ ወንዝ፣ ከአባ ሳሙኤል፣ ከቆቃ፣ ከተንዳሆና ከአቤ ዳርቻ በተመሳሳይ ዘዴ ደለልና ውኃ መቅዳት፤ ዓሣ በሚገኝበትም ቦታ የቆሮሶንና የአምባዛን ሥጋ አብሮ መመርመር ነው። አምስት ቦታ፣ ሁለት ወቅት። አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ብቻውን አይወጣውም፤ የኬሚስትሪ፣ የጂኦግራፊና የዓሣ ሳይንስ ክፍሎች ሦስት ተማሪዎችን በአንድ መኪና ቢልኩ ግን ይቻላል።