ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚደረግ ምልክትና የታካሚው ቀጣይ ኑሮ

በአገራችን ለትልቁ አንጀት መዘጋት ምክንያት ከሚሆኑት ሕመሞች መካከል የአንጀት መጠምዘዝ ግንባር ቀደም ሥፍራ ይይዛል። በአብዛኛው ወንዶችን የሚያጠቃው ይኸው ሕመም በወቅቱ ከተደረሰበት በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ቱቦ ሊፈታ ይችላል። አንጀቱ ከሞተ ግን ቆርጦ ማውጣት ግድ ይሆናል። ከዚያም ጤነኞቹ ጫፎች ወዲያውኑ ይገጠማሉ፤ አለበለዚያም የላይኛው ጫፍ በሆድ ግድግዳ በኩል ወጥቶ ሰገራው በዚያ እንዲወርድ ይደረጋል። ይህ መውጫ ኮሎስቶሚ ይባላል።

ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከብቸናና ከሞጣ ገጠር ቀበሌዎች የሚነሳ ሕመምተኛ ደግሞ አስፋልት እስኪደርስ ድረስ ብዙ ሰዓት ሊያልፍበት ይችላል። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር አንጀቱ የመሞት ዕድሉ ስለሚጨምር፣ ጉዳዩ ለዞኑ ሆስፒታሎች ሩቅ አይደለም።

ፈረንሳዊው ሐኪም አንሪ ሃርትማን እ.ኤ.አ. በ1921 ያስተዋወቀው ዘዴ የላይኛውን ጫፍ በግራ የታችኛው ሆድ በኩል አውጥቶ የታችኛውን ይሰፋል። ሕይወት አዳኝ ነው፤ ሆኖም መልሶ ለመግጠም ሆድን እንደገና መክፈት ይጠይቃል። ሉፕ የተባለው ዘዴ አንጀቱን እንደ ቀለበት ስቦ ስለሚያወጣ መልሶ ለመዝጋት ይቀላል፤ ዳሩ ግን መውጫው ሰፊ በመሆኑ ከረጢት ለማጣበቅ ያስቸግራል።

ከዘዴው ይልቅ ትኩረት የሚያሻው የቦታው ምርጫ ነው። ነጥቡ ከእምብርት፣ ከዳሌ አጥንት፣ ከጠባሳና ከቆዳ ዕጥፋት የራቀ፣ ታካሚው በዓይኑ የሚያየውና በእጁ የሚደርስበት መሆን ይገባዋል። የውጭ መማሪያ መጻሕፍት ከቀበቶ መስመር እንዲርቅ ይመክራሉ። መቀነት ግን ከቀበቶ ይልቅ ሰፊ ሥፍራ ስለሚሸፍን፣ ታካሚዋ በለመደችው አኳኋን ታጥቃ ብትታይ ይመረጣል። ሲተኙ ለጥ ያለ የሚመስል ሆድ ሲቀመጡ ይታጠፋል፤ ከረጢቱ ይላቀቃል፤ ቆዳው ይላጣል። ለአንድ ገበሬ ይህ ማለት ጎንበስ ብሎ ከማጨድ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከለቅሶ ቤት መቅረት ነው። በድንገተኛ ሕመም ጊዜ ሁሉን ማሟላት ባይቻልም፣ ታካሚውን ከማደንዘዣው በፊት ለአፍታ አስቀምጦ ግራና ቀኙን በማይለቅ ቀለም ማመልከት ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

አንጀቱ በሆድ ጡንቻ መካከል ይለፍ ወይስ በጎኑ የሚለው ክርክር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታደሰው የኮክሬን ግምገማ በመውጫው ዙሪያ የሚፈጠረውን ቡአ በመቀነስ ረገድ አንዱን ከሌላው ለማስበለጥ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ክርክሩ ባይቋጭም ምልክቱን ለማድረግ እንቅፋት አይሆንም።

ጊዜያዊ የተባለ መውጫ፣ ታካሚው ቀጠሮና የመጓጓዣ ገንዘብ ካጣ ቋሚ ሆኖ ይቀራል። በመሆኑም ባለሙያው ቦታውን ሲመርጥ ዕድሜ ልክ እንደሚቆይ አስቦ ሊሆን ይገባል። ከረጢት በዓመታዊው የሕክምና መገልገያ ግዥ ዕቅድ ውስጥ መግባቱን፣ በመሸኛ ወረቀቱም ላይ የመውጫው ዓይነትና የመመለሻው ቀጠሮ መጻፉን መከታተል የወረዳና የዞን ጤና ኃላፊዎች ድርሻ ነው።