«ብርድ ምን ያስደስታል?» ለምትሉ ወላጆች

የዚህ አገር ክረምት በገባ ቁጥር በየቤቱ አንድ ዓይነት ንግግር ይሰማል። ልጆች ወይም የልጅ ልጆች «ሄርሞን ላይ በረዶ ወርዷል፣ ጺመር ተከራይተን ሁለት ቀን አብረን እንሂድ» ይላሉ። እናንተ ደግሞ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» ትላላችሁ። አንዳንዱም ይጨምርበታል፦ «ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይበርደዋል እንዴ?»

እኔ የምላችሁ ግን ሂዱ ነው። ዘንድሮ እምቢ አትበሉ።

እምቢታው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ብርድን እኛ በመዝናኛ አልተዋወቅነውም። የወገራና የስሜን ሰው ጠዋት ውርጭ ረግጦ ከብት ያሰማራ ነው። በሱዳን በኩል የመጣውም ሌሊት ሌሊት ሲጓዝ ብርዱን ያውቀዋል። በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲገባ ደግሞ ብዙው መጀመሪያ ሆቴል፣ ቀጥሎ ካራቫን ነው የተሰጠው። የካራቫን ክረምት የቀመሰ ሰው ይመስክር፤ ግድግዳው ስስ፣ ዝናቡ ጣራው ላይ ሲወርድ እንደ ከበሮ፣ ልጆች በአንዲት ማሞቂያ ዙሪያ ተኮልኩለው። እንዲህ ያሳለፈ ሰው «በረዶ እንይ» ሲሉት ፊቱን ቢያዞር አይፈረድበትም።

ነገር ግን የእናንተ ቤት መቅረት የሚጎዳው ሌላ ነገር አለ። እዚህ አገር ከገባን ጀምሮ በቤታችን ውስጥ ነገሩ ተገልብጧል። ባንክ ሲኬድ ልጅ ያስተረጉማል፣ ሐኪም ቤት ሲኬድ ልጅ ያስተረጉማል፣ ደብዳቤ ሲመጣ የአስር ዓመት ልጅ ያነባል። የትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ስለ ራሱ ጥፋት የሚነገረውን የሚያስተረጉመው ልጁ ራሱ ነው (እንዴት አድርጎ እንደሚያስተረጉመው ሁላችንም እናውቃለን!)። እንዲህ እየሆነ አንድ ልጅ አድጎ ሰው ሲሆን አባቱን የሚያስበው ወረቀት ማንበብ እንደማይችል ሰው ብቻ ነው። አባቱ የሚያውቀውን ነገር ያየበት ቦታ የለውማ። ከተማ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የእናንተ እውቀት የት ይታያል?

ተራራና ሐይቅ ዳር ግን ይታያል። እዚያ ወረቀት የለም፣ ጸሐፊ የለም፣ «ተራህን ጠብቅ» የሚል የለም። እዚያ የሚፈለገው ስለ ብርድ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ዓሣ፣ ስለ ደመና ማወቅ ነው። ያን ደግሞ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ በመኪናው ውስጥ የለም።

ከቃሉ እንጀምር። ልጆቹ በዕብራይስጥ ከሰማይ እንደ ጥጥ ለሚወርደው «ሼሌግ»፣ እንደ ጠጠር ለሚወርደው «ባራድ»፣ ለረጋው ውኃ ደግሞ «ኬራሕ» ይላሉ። እኛ ሦስቱንም «በረዶ» እንላለን ብለው ይስቁብናል። አትፈሩ፣ መልስ አለ። «ባራድ» እና «በረዶ» ዘመዳሞች ናቸው፣ አፋቸው ላይ ያለው ቃል የአያታቸው ቃል ወንድም ነው። ደግሞም አማርኛ አላነሰውም፤ ውርጭ አለ፣ አመዳይ አለ፣ ቁር አለ። ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚገኘውን እያሳያችሁ «ይሄ ውርጭ ነው» በሏቸው። ልጅ ቃል የሚይዘው እንዲህ በእጁ እየነካ ነው። ሳሎን አስቀምጦ «አማርኛ ተናገር!» ማለት ብዙም ሲሠራ አላየሁም።

ቀጥሎ አገሩን አሳዩአቸው። ሄርሞን ላይ በገመድ ወንበር የሚወጣበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። ኪኔሬት ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ወደ 210 ሜትር ነው። ጠዋት በረዶ ረግጦ ማታ ኪኔሬት ዳር የሚያድር ሰው በአንድ ቀን ከ2,200 ሜትር በላይ ወረደ ማለት ነው። ይህን ጉዞ የስሜን ሰው ያውቀዋል። ከደጋው ተነስቶ ወደ ተከዜ ቆላ ሲወርድ ልብሱን እያወለቀ ነው የሚሄደው፤ ገብሱ ቀርቶ ማሽላው ይመጣል። እዚህም ላይ ያለው ሰው በካፖርት፣ ታች ያለው በሸሚዝ፣ ዳር ዳሩ ሙዝና ማንጎ። ልጆቹ ለዚህ «ደጋ» እና «ቆላ» የሚባል ስም እንዳለው አያውቁም። «ሄርሞን ትልቁ ተራራ ነው» ቢሏችሁም ጫፉ 2,814 ሜትር መሆኑን፣ ራስ ዳሸን ግን ከ4,500 ሜትር በላይ መሆኑን ንገሯቸው። «ታዲያ ለምን ሄርሞን ላይ በረዶው ይቆያል፣ ስሜን ላይ ግን ቶሎ ይጠፋል?» ብሎ የሚጠይቅ ብልህ አይታጣም። ስሜን ለምድር ወገብ ቅርብ ነው፣ ፀሐዩ ክረምት ከበጋ አናት ላይ ነው፤ ሄርሞን ራቅ ብሎ ወደ ሰሜን ስለሆነ ክረምቱ እውነተኛ ብርድ ያመጣል።

ያ በረዶ ደግሞ ለጨዋታ ብቻ የወረደ አይደለም። የሄርሞን ድንጋይ ኖራ ድንጋይ ስለሆነ በረዶው ሲቀልጥ ውኃው ወደ ውስጥ ይሰርግና ታች በምንጭ ይወጣል። ዳን፣ ባንያስና ሐስባኒ ከዚያ ነው የሚመጡት። ሦስቱ ተገናኝተው ዮርዳኖስ ይሆናሉ፣ ዮርዳኖስም በሰሜን በኩል ኪኔሬት ገብቶ በደቡብ በኩል ይወጣል። በዜና በየጊዜው «ኪኔሬት ስንት ሴንቲ ሜትር ጨመረ» የሚሉት ከዚህ የተነሳ ነው። ከደምቢያ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ጣና ትዝ ሊለው ይገባል። ግልገል ዓባይ ጣና ይገባል፣ ዓባይ በባሕር ዳር በኩል ይወጣል። በስፋት ካወራን ጣና ኪኔሬትን ከ15 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ይህንንም ሳትነግሯቸው እንዳትቀሩ፣ ልጆች ቁጥር ይወዳሉ።

ዓሣውን ሳልረሳው። ኪኔሬት ዳር ምግብ ቤት ገብታችሁ «አምኑን» ብለው የሚያቀርቡላችሁ የጣናው ቆሮሶ የቅርብ ዘመድ ነው። አምባዛም ኪኔሬት ውስጥ አለ፣ እነሱ «ስፋምኑን» ይሉታል፤ ግን ቅርፊት ስለሌለው አይሁድ አይበላውም። አያቶቻችሁ ጣና ዳር ይህን በኦሪቱ ትእዛዝ እንደሚለዩ ለልጁ በዓሣው ፊት ብትነግሩት፣ ስለ ቤተ እስራኤል ታሪክ ከሚሰጠው ብዙ ንግግር የተሻለ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

በረዶም ሐይቅም አንድ ላይ ለሚፈልግ ቢርካት ራም አለች። ከሄርሞን ሥር፣ የድሩዞቹ መንደር መስአደ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ900 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ክብ ሐይቅ ናት። ድሮ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ጉድጓድ ውኃ ሞልቶት ነው። ክረምቱ ሲጠነክር በረዶ እስከ እሷ ይወርዳል፣ በዙሪያዋ ባሉ መንደሮችም የሚከራይ የእንጨት ጎጆ አይጠፋም። የድሩዝ ሴቶች በብረት ምጣድ ላይ ስስ ቂጣ ሲጋግሩ ቁጭ ብላችሁ እዩ። እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት እዚያ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም፣ እጅ ለእጅ ነው የሚግባቡት። ካሽሩት የምትጠብቁ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ለልጆቹ የምለው አለኝ፤ ይህን አንብቡላቸው። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ሕፃን ጠባቂ አድርጋችሁ አትውሰዷቸው። እናት እዚያ ድረስ ሄዳ ድስት ማጠብ ከሆነ ሥራዋ ቤቷ ይሻላታል። ስልካችሁን ማታ ማታ እንኳ አስቀምጡ። ስትከራዩም «ለቤተሰብ» መሆኑን አረጋግጡ። ብዙው ጺመር የተሠራው ለባልና ሚስት ነው፤ አንድ ክፍል፣ መሐሉ ላይ የፈላ ውኃ የሚያንደቀድቅ ትልቅ ገንዳ፣ ዙሪያውን ሻማ። አባታችሁን እዚያ አስገብታችሁ ዓይናቸውን የት ይጣሉት?

ገንዘቡን በተመለከተ «ውድ ነው» የሚለው ክርክር ግማሹ እውነት ነው። ሐሙስ ማታና ዓርብ ዋጋው ይሰቀላል፣ በመሐል ሳምንት ይቀንሳል። ለእኛ ሽማግሌዎችም ቢሆን መሐል ሳምንቱ ይሻላል፤ ሰንበት ሳይገባ እሳት አጥፍቶ ቀዝቃዛ በልቶ ያደገ ሰው በማያውቀው ቤት፣ በብርድ አገር፣ ስለ ፕላታና ስለ መብራት ከልጆቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰንበቱም ይበላሻል፣ ሽርሽሩም ይበላሻል። ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህት ተዋጥተው አንድ ትልቅ ቤት ቢይዙ ደግሞ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ያን ያህል አይከብድም። በዓመት ስንት ሠርግ ላይ ስንት ፖስታ እንደምንሰጥ ብንደምር እንዲህ አንልም ነበር። ይህን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት የፒኩድ ሃዖሬፍን የዕለቱን መመሪያ አስነብቡ፣ ስትደርሱም መጠለያው የት እንደሆነ ጠይቁ። ጦርነቱ ሰሜኑን ከዘጋው በኋላ ይህን የማይጠይቅ የለም፣ አታፍሩበት። በበረዶ ሰሞን የሄርሞን መግቢያ ትኬት አስቀድሞ በኢንተርኔት ነው የሚገዛው፣ መንገዱም በረዶ ሲበዛ ይዘጋል። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒታችሁን በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ ልብ ሕመም ያለበት ሐኪሙን ሳይጠይቅ ወደ ላይ አይውጣ።

አሁን በጣም ወደምፈራው ነገር ልምጣ። ቡና። «ያለ ከሰል ቡና ምኑ ቡና ነው» የምትሉ እናቶች ምድጃችሁን ይዛችሁ እንደምትሄዱ አውቃለሁ። ያዙ፣ ግን ውጭ ነው የሚቀጣጠለው። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ዓይን አያቃጥል። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና ሰውየው እንቅልፍ የወሰደው መስሎት ይሞታል። ማታ የማንጋሉን ፍም «ቤቱን ያሙቅልን» ብሎ ማስገባትም ያው ነው። ነጭ አመድ ለብሶ ጭሱ ያለቀ ፍም እንኳ ይህን ጋዝ ማውጣቱን አይተውም።

«እኛ አገር ቤት ጎጆ ውስጥ እሳት አንድደን አልነበር የምናድረው፣ ለምን አልገደለንም?» የሚል ጥያቄ ከሽማግሌዎች ሰምቻለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሣር ክዳኑ ያስተነፍሳል፣ በግድግዳው ስንጥቅ ነፋስ ይገባል፣ በሩም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። እንዲያም ሆኖ ጭሱ የስንቱን እናት ዓይንና ሳንባ እንደጎዳ እናውቃለን። ጺመሩ ግን ብርድ እንዳያስገባ ተብሎ ድርብ መስታወት ያለው፣ ዳር ዳሩ በጎማ የታሸገ ቤት ነው፤ አየር አይገባም፣ ጋዙም አይወጣም። ስለዚህ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ይፈላ። ዕጣኑ ቢያንስ ግድ የለም። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡና 101 ደውሉ።

ልብሱን በተመለከተ አንድ ወፍራም ካፖርት ከመልበስ ሦስት ስስ ልብስ ደራርቦ መልበስ ይሻላል፣ ሲሞቅ አንዱን ታወልቃላችሁ። ውኃ የማያስገባ ጫማ፣ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ፣ የፀሐይ መነጽር ያዙ፤ በረዶ ላይ የሚያርፍ ፀሐይ ተመልሶ ዓይን ይወጋል። ጋቢ መልበስ የሚያሳፍራቸው ልጆች ቢኖሩም እናንተ ጋቢያችሁን ያዙ። በገመድ ወንበሩ ላይ ነፋሱ ሲመጣ መጀመሪያ «ሳፍታ፣ ትንሽ አካፍዪኝ» የሚሉት እነሱ ናቸው።