መስኮቱን ዝጉት?

ከአዲስ አበባ ታክሲ ጀምሮ የምናውቀው ክርክር ነው፤ አንዱ መስኮት ሲከፍት ሌላው «ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል» ይላል። ክርክሩ በርክ ድረስ ተከትሎኛል። (ደለስ ኤርፖርት መጀመሪያ የታሰበው እዚሁ በርክ ነበር፤ ነዋሪው ሲቃወም ወደ ሻንቲሊ ሄደ።) ቅዳሜ ቅዳሜ የማግዛቸው አንድ ጋሼ በጋራዣቸው ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን እየሠሩ ነው። ሽውታ አይወዱም፤ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን ባይ ናቸው።

አልስማማም። በረራ ላይ የካቢኑ ግፊት ከውጪው ስለሚያንስ ቀዝቃዛ አየር በጭራው በኩል ሾልኮ እንደ ማጅራት መቺ ከኋላ ይመጣል። ከወንበሩ ጀርባ ይጋረድ፣ እሺ። አየሩ ግን መውጫ ይፈልጋል፤ መውጫውም ግፊት ዝቅ ባለበት ቦታ ካልሆነ ራሱ መግቢያ ይሆናል።

በ1935 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተሠራችው፣ በ2024 ከጣሊያን የተመለሰችው «ፀሐይ» ጣሪያ አልነበራትም፤ የእርሷ አብራሪ ይህ ጭንቀት አልነበረበትም።

የእኛዋ ካቢን የምትሞቀው በማርሚታው ዙሪያ በሚያልፍ አየር ነው። ማርሚታው ከተሰነጠቀ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገባል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ምን እንደሚያመጣ ያልሰማ ሐበሻ አለ? በሞተሩ በኩል ያለው ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን፣ እዚህ ላይ ጋሼ ልክ ናቸው። የጋዝ ጠቋሚውን ግን «ቆይቶ ይገዛል» ይላሉ።

ሳይገዛ አብሬዎት አልበርም ብያቸዋለሁ። እስካሁን ተኮራርፈናል።