በማን ነው የምንስቀው?

«ክራምብስ» የተባለውን የ68 ደቂቃ ፊልም በዚህ ሳምንት እዚህ ነቀምቴ ከዘመድ ወዳጅ ጋር ተሰብስበን ባየን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ፣ በኮሜዲዎቻችን ላይ ያለኝን የቆየ ቅሬታ እንደገና ቀስቅሶታል።

ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በአገራችን ያዘጋጀው፣ በጥር 2007 ዓ.ም. በሮተርዳም የፊልም በዓል የታየው፣ በባሕር ማዶም እየተጠራሩ የሚያዩት ወዳጆች ያፈራው ይህ ወፈፍ ያለ ሥራ፣ ዓለም ከጠፋች በኋላ ስለሚመጣው ዘመን በአማርኛ ይተርካል። ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ባለታሪክ ሰላም ተስፋዬ ከምትጫወታት ፍቅረኛው ጋር ሰው በተወው የቦውሊንግ ቤት ይኖራል፤ ለብዙ ዘመን በሰማይ ላይ ተንሳፍፋ የቆየችው የጠፈር መርከብ የመንቃት ምልክት ባሳየች ጊዜም ፈራ ተባ እያለ ረጅም ጉዞ ይጀምራል። የፕላስቲክ መጫወቻና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ንዋየ ቅድሳት ይከበራሉ፤ ባለሱቁ ለያንዳንዱ ዕቃ የዘር ሐረግ ይቆጥርለታል፤ ፍቅረኛይቱም በማይክል ጆርዳን ሥዕል ፊት ትጸልያለች። አብረውን ያዩ አንድ ኦቦ «ይህ በሃይማኖት መዘባበት አይደለምን?» ቢሉም፣ የአባቶቹን ትውፊት ያጣ ትውልድ በእጁ የቀረለትን ማክበሩ ያሳዝናል እንጂ መዘባበት አይባልም።

እኔን ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የማረከኝ ዳንኤል ነው። እንደ እርሱ ቁመቱ አጭር የሆነ ሰው በኮሜዲዎቻችን ገብቶ የሚወጣው ለመሣለቂያ ሲሆን፣ እዚህ አፍቃሪውም ተፈቃሪውም መንገደኛውም እርሱ ነው፤ ሳቁ በባለሱቁ ሐተታ ላይ እንጂ በእርሱ ሥጋ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አይወድቅም።

የእኛስ ሰው? ከወለጋ የሄደው ሰው በአማርኛ ኮሜዲ ውስጥ ስንት ጊዜ ዘበኛ ሆኖ፣ የሚላላውን እያጠበቀ፣ ወንዱን ጌታውን «አንቺ» እያለ አዳራሹን በሳቅ አናወጠ! ሁለተኛ ቋንቋውን አቀላጥፎ በሚናገር ሰው ላይ ሆዱን ይዞ የሚስቀው ተመልካች ግን፣ በኦሮምኛ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጀምሮ መጨረስ አይችልም። «ቀልድ እኮ ነው፣ ምን አለበት» ለሚሉኝ የእኅቴን ልጅ እጠቅሳለሁ፤ ከጊምቢ ሄዶ ዩኒቨርሲቲ በገባበት ዓመት፣ መልሱን እያወቀ፣ በአነጋገሩ እንዳይስቁበት ብሎ እጁን ሳያነሣ ከረመ። ዛሬም ቢሆን በስብሰባ መካከል አማርኛ መናገር ሲኖርበት አስቀድሞ በወረቀት ይጽፋል።

ስለዚህ የነቀምቴ፣ የጊምቢና የደምቢ ዶሎ ቪዲዮ ቤቶች፣ ከባለፊልሙ ፈቃድ ጠይቀው፣ ከዘበኛው ኮሜዲ አንድ ምሽት ቀንሰው ለዳንኤል ታደሰ ይስጡልኝ፤ ወንበሩ ባይሞላ የጎደለውን መግቢያ እኔ እከፍላለሁ።